«ያዘ» እና «አጠመደ»ን በእንግሊዝኛ ለመናገር ትክክለኛውን ቃል እንዴት እንምረጥ?

ባህር ዳር ላይ እንግሊዝኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አስጎብኚው፣ ጀልባ ነጂው፣ አሳ ቤት ያለው፣ ስለ ጣና ጥናት የሚጽፈው ተማሪ፣ ሁሉም አንድ ቀን «ይሄ አሳ እንዴት ነው የተያዘው?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ወይ ለሁሉም «ካች» እንላለን፣ ወይ መዝገበ ቃላት ላይ ያገኘነውን ከባድ ቃል እንወረውራለን። ቃሉን ከመፈለጋችሁ በፊት ድርጊቱን በአይነ ህሊናችሁ እዩት። ማን ያዘ፣ በምን ያዘ፣ ከተያዘ በኋላስ ምን ሆነ? እነዚህን ከመለሳችሁ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ፣ መያዝ ነው ወይስ መጨበጥ?

«ቦርሳዬን ያዝልኝ» ለማለት «ካች ማይ ባግ» ካላችሁ ፈረንጁ ቦርሳው ሊወረወርለት ነው ብሎ እጁን ይዘረጋል። እዚህ የሚያስፈልገው «ሆልድ» ነው። «ካች» የሚባለው የሚንቀሳቀስ፣ የሚያመልጥ ወይም የሚያልፍ ነገር ሲያዝ ነው። ኳስ፣ ሌባ፣ አሳ፣ ታክሲ ሁሉም በ«ካች» ይሄዳሉ። ጉንፋንም በ«ካች» ነው፤ እኛ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን፣ እነሱ ደግሞ ያዥው ሰውየው ነው። ከጉንፋኑ በቀር፣ በሚያመልጥ ነገር ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ በጣም ይቀራረባሉ፣ ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ «ካች» በሉና እለፉ፣ አያሳፍርም።

ኃላፊ ጊዜው «ካችድ» አይደለም፣ «ኮት» ነው። ከሚለበሰው ኮት እንዲለይ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ድምጹን ሳብ አድርጉት።

ቀጥሎ፣ ያዡ እዚያው ነበር?

ትልቁ መለያ ይሄ ነው። ሰውየው ራሱ አባርሮ ወይም በእጁ ከያዘ «ካች» ነው። እንዲያውም «ካች» እና «ቼዝ» (ማባረር ማለት ነው) ከአንድ የላቲን ስር የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። አንድ ነገር አዘጋጅቶ ከሄደና ያ ነገር መውጫ አሳጥቶ ከያዘለት ግን «ትራፕ» ይሻላል። የአይጥ ወጥመድ «ትራፕ» ነው። ታንኳ ቀዛፊው ውሃ ውስጥ አስቀምጦት የሚያድረው፣ አሳ ገብቶ መውጫ የሚያጣበት ቅርጫትም «ትራፕ» ነው።

«ትራፕ» ውስጥ ያለው ዋና ስሜት መውጫ ማጣት ነው። ስለዚህ ወጥመድ በሌለበትም ይመጣል። ሊፍት ውስጥ መብራት ጠፍቶበት የቀረ ሰው «ትራፕድ» ነው። መሳሪያ ሳይኖር ሰው ወይም እንስሳ ጥግ ላይ ሲወጠር ደግሞ «ኮርነር» ይባላል።

ሸምቀቆ ያለው የገመድ ወይም የሽቦ ወጥመድ የራሱ ስም አለው፣ «ስኔር»። ቆቅ እግሯን አስገብታ ስትጎትት የሚጠብቅባት አይነት። አሳ ላይ አትጠቀሙበት። ለሰው ሲሆን «ኢንስኔር» ይባላል፣ ያም በተንኮል ቀስ በቀስ ተጠላልፎ መግባትን ነው የሚያሳየው፤ አራጣ አበዳሪ ጋ የገባን ሰው አስቡ።

ከዚያ መሳሪያውን ጥሩ

እንግሊዝኛ የመሳሪያውን ስም እንደ ግስ መጠቀም ይወዳል። በመረብ ከተያዘ «ኔት»፣ በመንጠቆ ከሆነ «ሁክ»፣ በጦር ከተወጋ «ስፒር»። ይሄ ለአስጎብኚ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ቃል ብቻ ሙሉውን ስዕል ይሰጣል።

መንጠቆ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። «ሁክ» መንጠቆው አሳው አፍ ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። አሳው ታግሎ ሊያመልጥ ይችላል። ጀልባ ላይ ወይም ዳር ሲወጣ «ላንድ» ይባላል። አንድ አምባዛ «ሁክድ» ሆኖ «ላንድድ» ሳይሆን ሊቀር ይችላል፣ አሳ ማጥመድ የሚወድ ቱሪስት ይህችን ልዩነት ወዲያው ይሰማታል። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ትል «ቤይት» ነው። «ሉር» ደግሞ ማማለያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላ ነገር እንኳን አይደለም፣ አሳ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ነገር ነው።

መረቡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጣና ላይ አሁን የሚበዛው በእንግሊዝኛ «ጊልኔት» የሚባለው ነው። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ሲዋኝ ጭንቅላቱ በቀዳዳው ያልፋል፣ ሆዱ ግን አያልፍም። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል የሚተነፍስበት ስንጥቅ ክዳን ክሩ ላይ ይጠለፋል። «ጊል» ማለት ያ የመተንፈሻ አካል ነው። መረቡ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ለቱሪስት ይህን ስትነግሩት «ዘ ፊሽ ኢዝ ኮት ባይ ዘ ጊልስ» በሉት፣ ይበቃል።

እምቦጭ ከመረቡ ጋር ሲጠላለፍ፣ ወይም የሞተር ጀልባ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም፣ ያ «ኤንታንግል» ነው። እዚህ ማንም ማንንም ለመያዝ አላሰበም። «ኤንታንግል» ሀሳብ የለበትም፣ «ትራፕ» ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያዘጋጀ ሰው አለ።

ወፎቹንም አትርሱ። ሰው ጀልባ ተከራይቶ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት የሚሄደው አንድም ሻላ ለማየት ነው። ሻላ በዚያ ከረጢት መንቆሩ ውሃውን ከነአሳው ሲዝቀው «ስኩፕ» ነው። አሳ በሊታው ንስር ወርዶ በጥፍሩ ሲነጥቅ «ስናች» ነው። ሁለቱንም «ካች» ብትሉ ትክክል ናችሁ፣ ግን ያየነውን አልነገራችሁም።

ከተያዘ በኋላ ምን ሆነ?

«ካፕቸር» በጉልበት ወይም በጥረት ይዞ በእጅ ማቆየትን ይይዛል። ወታደር ይማረካል፣ አምልጦ የነበረ እንስሳ ይያዛል፣ ካሜራ የጸሐይ መጥለቂያን ያስቀራል፤ ሁሉም «ካፕቸር» ነው። እራት ላይ ለቀረበ አሳ ግን ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ በዘርፉ ጽሁፎች ከተፈጥሮ ውሃ የሚሰበሰበውን «ካፕቸር ፊሸሪ» ይሉታል፣ በኩሬ ከሚረባው ለመለየት።

ህግ ያለበት ጊዜ

እዚህ ጋ ቃል ሰው ይጎዳል፣ ስለዚህ ረጋ በሉ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ «አረስት»፣ ንብረት ሲይዝ «ሲዝ» ነው። በህግ የተከለከለ አደን ወይም አሳ ማጥመድ «ፖች» ነው። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ የተከለከለ ነገር አለ ማለት ነው። ግን መረብ የያዘውን ሁሉ «ፖቸር» ማለት አንድን ድሃ አሳ አጥማጅ በባዕድ ቋንቋ ወንጀለኛ ማድረግ ነው። እሱ ቆሞ ፈገግ እያለ፣ የተባለውን ሳይሰማ። ፈቃድ እንደሌለው ካላወቃችሁ «ፊሸርማን» በሉት።

ክረምት ላይ ግን እውነተኛ ችግር አለ፣ በትክክል ልንነግረው የሚገባ። ነጭ አሳው እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋበት ሳይወልድ ይቀራል። ለዚህ ምርጡ ቃል «ኢንተርሴፕት» ነው፣ ጉዞ ላይ ያለን ነገር መንገዱ ላይ ማስቀረት። «ካች» ብቻ ካላችሁ አድማጩ ለምን እንደምትቆጩ አይገባውም። ውሃ ውስጥ በሚበተን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት የሚደረገውም መያዝ ሳይሆን መመረዝ ነው፣ «ፖይዝን» በሉት።

ሪፖርት ላይ ስትጽፉ «ፖችድ ፊሽ» አትበሉ። ይሄው ቃል በለዘብተኛ እሳት ውሃ ውስጥ የበሰለ አሳም ነውና አንባቢው ምግብ ይመስለዋል። «ኢሊጋሊ ኮት ፊሽ» ብላችሁ ተገላገሉ።

በመጨረሻ፣ «ካች» ስም ሲሆን

ሜኑ ላይ «ካች ኦፍ ዘ ዴይ» ማለት የዛሬ አሳ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ላደረ አትጻፉት። ቱሪስቱን ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚደረግ የጀልባ ጉዞ ዋጋ ስትነግሩት «ዋትስ ዘ ካች?» ካለ ደግሞ ስለ አሳ እየጠየቀ አይደለም፣ የተደበቀ ነገር አለው ወይ ማለቱ ነው። አትቀየሙት። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈል፣ ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቀው፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ፣ ሁሉንም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ወደቡ ላይ ንገሩት።