የብክለት ጭነት ስታሰሉ መጀመሪያ ፍሰቱን ጠርጥሩ

የመጀመሪያውን የፍሳሽ ሪፖርቴን ይዤ አለቃዬ ጋ ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ወረቀቱን አየት አደረገችና «እኛ በቀን 300 ሺህ ሜትር ኩብ ነው እንዴ የምንለቀው?» አለችኝ። የቆጣሪውን ጠቅላላ ንባብ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። የትናንቱን ንባብ መቀነስ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ከዚያ ወዲህ የጭነቱ ቁጥር፣ ማለትም በቀን ከፍሳሹ ጋር የሚወጣው ቆሻሻ በኪሎ፣ ሲያስደነግጠኝ ላቦራቶሪው ላይ ከመጮሄ በፊት ፍሰቱን ነው የማየው።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊግራም በሊትር ማለት አንድ ግራም በሜትር ኩብ ማለት ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪውን ውጤት በቀኑ ሜትር ኩብ አባዙት፣ ግራም ይመጣል። በ1,000 አካፍሉት፣ ኪሎ ሆነ። ሲኦዲ (ቆሻሻው በኬሚካል ሲቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን) 180 ሚሊግራም በሊትር ቢሆንና በቀኑ 640 ሜትር ኩብ ቢወጣ 115.2 ኪሎ ነው። ፍሰታችሁ በሊትር በሰከንድ ከሆነ ሚሊግራሙን በፍሰቱ፣ ከዚያ በ0.0864 አባዙት። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በቀን ውስጥ ካለው 86,400 ሰከንድ ነው የመጣው።

ፍሳሽ ለመልቀቅ የሚሰጠው ፈቃድ ሚሊግራም ብቻ ሳይሆን ኪሎም የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ለማየት እዚያው ፍሳሽ ላይ 640 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። ሚሊግራሙ ወደ 90 ይወርዳል፣ ያምራል። ኪሎው ግን ያው 115.2 ነው። ውሃ መቸለስ እዚህ ጋ አይሠራም።

አሁን ወደ ፍሰቱ። እኛ ጋ ቦዩ ላይ የቆመ፣ 90 ዲግሪ ቪ ቅርጽ የተቆረጠለት ላሜራ አለ። ከቪው የታች ጫፍ በላይ ያለው የውሃ ከፍታ በሜትር ይለካል፣ 2.5 ፓወር ይደረጋል፣ በ1.38 ገደማ ይባዛል። የሚገኘው ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። ችግሩ ያ 2.5 ነው። ከፍታው 10 ሴንቲሜትር ሲሆን በቀን 377 ሜትር ኩብ አካባቢ ይወጣል። 11 ሲሆን 478። አንዲት ሴንቲሜትር ከሩብ በላይ አንቀሳቀሰችው! በዚያው 180 ሚሊግራም ካሰላችሁት ከ68 ኪሎ ወደ 86 ዘለለ ማለት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስህተት ቢፈጠር አገር ይያዝ ይባል ነበር።

የእኛ ማስመሪያ ለረጅም ጊዜ ላሜራው ላይ ነበር የተለጠፈው። ውሃ ደግሞ ቪው ጋ ሲደርስ ለመውደቅ ስለሚያጎነብስ እዚያ የሚነበበው ከእውነተኛው ያንሳል። ማስመሪያው ወደ ኋላ፣ ውሃው ወደሚመጣበት በኩል፣ ቢያንስ የከፍተኛውን የውሃ ከፍታ አራት እጥፍ ያህል ርቆ መቆም አለበት። ዜሮው ደግሞ ከቪው የታች ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ላሜራው ላይ የተጋገረውን አተላና የተንጠለጠለውን ክርም በብሩሽ ጥረጉ። ከታች ሲደፈን ውሃው ከፍ ይልና ያልለቀቃችሁትን ኪሎ ያሸክማችኋል።

ናሙናውም ያንኑ ቀን መምሰል አለበት። ጠዋት አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ማታ ገንዳ የሚታጠብበትን ፍሳሽ በእሱ ማስላት ራስን መሸወድ ነው። ፈቃዱ የ24 ሰዓት ቅይጥ ናሙና (ቀኑን ሙሉ እየተቀዳ የሚደባለቅ) ካለ በፍሰቱ ልክ ቅዱ። በሰዓቱ 20 ሜትር ኩብ ካለፈ 200 ሚሊሊትር፣ 50 ካለፈ 500። እስኪሰበሰብ ድረስ በረዶ ላይ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቢኦዲ (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን) ሙቀት ላይ እየተበላ ያልቃል። የፍሰቱ 24 ሰዓትና የናሙናው 24 ሰዓት አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። አንዱ ከጠዋት እስከ ጠዋት፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የወር አማካይ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ እኔም ወድቄያለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ውሰዱ። በአንደኛው 40 ሚሊግራምና 500 ሜትር ኩብ፣ ይኸውም 20 ኪሎ። በሁለተኛው 200 ሚሊግራምና 1,500 ሜትር ኩብ፣ 300 ኪሎ። አማካዩ በቀን 160 ኪሎ ነው። ሰነፉ መንገድ ግን ሚሊግራሙን ለብቻ፣ ፍሰቱን ለብቻ ያማክላል፤ 120 በ1,000፣ 120 ኪሎ። 40 ኪሎ በነነ። ያጭበረበረ ሰው የለም፣ ብዙ ውሃና ብዙ ቆሻሻ በአንድ ቀን ስለመጡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በየቀኑ አባዙ፣ ከዚያ አማክሉ። የቀን ጣሪያ ካለባችሁ ደግሞ ያ 300 ኪሎ ብቻውን ይታያል፤ አማካዩ አይሸፍንላችሁም።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው፣ ግን ይናከሳሉ። ላቦራቶሪው መጠኑ ለመለካት አንሶበት «ከ0.05 በታች» ብሎ ሲጽፍ ስሌቱ ውስጥ ዜሮ ይገባ፣ ግማሹ ይገባ ወይስ 0.05 ራሱ የሚለውን የሚወስነው ፈቃዱ ነው። ፈቃዱ ዝም ካለ ተቆጣጣሪውን በጽሑፍ ጠይቁ። በየወሩ የሚያዋጣውን መምረጥ አይቻልም።

ናይትሮጅን ላይ ስሙን በደንብ አንብቡ። ፈቃዱ የናይትሮጅኑን ክብደት ብቻ እየጠየቀ ላቦራቶሪው የመላውን ናይትሬት ክብደት ከሰጣችሁ ውጤቱን በ4.43 አካፍሉ፤ 44.3 ሚሊግራም ናይትሬት 10 ሚሊግራም ናይትሮጅን ነው። በአሞኒየም ከሆነ በ1.29 አካፍሉ። ሳያካፍሉ አስገብቶ «ጣሪያውን አለፍን» ብሎ ጣቢያውን ያተራመሰ ሰው አውቃለሁ። ስሙ ይቅር፣ ወንበሬ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ብረታ ብረቶች ብዙ ጊዜ በማይክሮግራም ነው የሚመጡት። በሊትር 350 ማይክሮግራም ክሮሚየም በ640 ሜትር ኩብ 224 ግራም ነው። እንደ ሚሊግራም ካስገባችሁት 224 ኪሎ ይሆናል። እኔ አሁን ኤክሴሌ ላይ በየዓምዱ አናት አሃዱን በቀይ እጽፋለሁ፣ ማጠጋጋቱንም ለመጨረሻው ረድፍ ብቻ እተወዋለሁ።