ሰው የሚያፈዝ አስማት ጨዋታችሁን እንዳያበላሽባችሁ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው የተረት ጨዋታ) የምትጫወቱ፣ በተለይ ዲኤም (ታሪኩንና የቀረውን ዓለም የሚመራው ሰው) የሆናችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ጠላት የሆነው ጠንቋይ የአንዷን ጓደኛችንን ተዋጊ ሰውን እንዳሻው በሚያዝዘው አስማት፣ በ"ዶሚኔት ፐርሰን"፣ ያዛት። ዲኤሙ እኔ ነኝ። ለመከላከል ዳይስ ጣለች፣ አልሆነላትም። እኔም ሳላስብ "በቃ፣ ሰይፍሽን መዘሽ ፈዋሹን ወጋሽው" አልኩና የሷን ዳይስ አንስቼ ራሴ ጣልኩት። ምንም አላለችም። ዳይሶቿን አንድ በአንድ ለቅማ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችና ስልኳን ማየት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት የገፋነው እንዲያው ለወጉ ነው።

በደንቡ ካየነው አላጠፋሁም። ግን እሳት ሲወረወርባችሁ የሚቃጠለው ገጸ ባህሪው ነው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የምትወስኑት አሁንም እናንተ ናችሁ። አእምሮ የሚይዝ አስማት የሚነጥቀው ይሄንኑ ውሳኔ ነው። ዲኤሙ ከተማውም፣ ንጉሡም፣ ዘንዶውም በእጁ ነው፤ ተጫዋች ያላት አንዲት ሰው ናት፣ እሷንም ስትቀሟት ምን ልትሠራ ትመጣለች?

ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ሴሽን ዚሮ የሚባለው ለዚህ ነው። ጠላት ገጸ ባህሪያችሁን ቢቆጣጠረው ትታገሡታላችሁ? ተጫዋች በተጫዋች ላይ ቢጠቀመውስ? (የኔ መልስ ለሁለተኛው፦ ባለቤቱ እሺ ካላለ አይሞከርም፣ "የኔ ገጸ ባህሪ እንደዚህ ነው" የሚለውም ሰበብ አይሠራም።) ደግሞ በሰው ፊት ብቻ አትጠይቁ። ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ፣ ስድስት ሰው እያየው "እኔ አልወድም" የሚል የለም፣ ሁሉም "ኧረ ችግር የለም" ይላል። ማታ ለየብቻ ቴክስት አድርጉላቸው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ኤክስ ካርድ አስቀምጡ። ጆን ስታቭሮፑሎስ ያመጣው ነገር ነው፦ ኤክስ የተጻፈበት ወረቀት፣ አንድ ሰው ከነካው ያ ነገር ይታለፋል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ለይሉኝተኞች የተፈጠረ ይመስለኛል።

አስማቱ ሲሠራ ደግሞ ትዕዛዙን ስጡ እንጂ ዳይሱን አትንኩ። እንዴት እንደሚፈጸም ተጫዋቹ ይወስን። "ዶሚኔት ፐርሰን" በመደበኛ ደረጃው የሚቆየው ቢበዛ በጨዋታው ሰዓት አንድ ደቂቃ ነው፤ አንድ ደቂቃ ማለት ግን አሥር ዙር ነው (በአንድ ዙር ሁሉም ተራ በተራ ይጫወታል)፣ ሰው በዛ ሲል በእውነተኛው ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊጎተት ይችላል። የተያዘው ሰው በተመታ ቁጥር ለመላቀቅ እንደገና ዳይስ ይጥላል፣ ጠንቋዩ ትኩረቱ ከተሰበረ ደግሞ አስማቱ ወዲያው ይጠፋል። ይሄን ለተጫዋቾቻችሁ ንገሯቸው። መውጫ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አያኮርፍም።

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ ልምጣ፣ እነሱም ንጹሕ አይደሉም። ሰውን ለጊዜው ወዳጅ የሚያደርገው "ቻርም ፐርሰን" ከነዚህ አስማቶች ቀላሉ ስለሆነ እንደ ቀልድ ነው የሚጥሉት። ደንቡ ግን አንድ ነገር ይላል፦ አስማቱ ሲያበቃ ሰውየው ማን እንዳደነዘዘው ያውቃል። የበር ጠባቂውን አስቡት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ወዳጅ እያጫወተ አስገባችሁ፣ ከዚያ ድንገት ነቃ። አፍሯል፣ ተናዷል፣ ምናልባት ከሥራው ይባረራል። በሚቀጥለው ሳምንት አምጡት፤ አይጮህም፣ አይዋጋም፣ ዝም ብሎ ያያቸዋል። እኛ ጋ ከዚያ ወዲህ አስማቱን ከመጣላቸው በፊት እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል።

አልከለክላቸውም ግን። ጠባቂውን ከማረድ ማፍዘዝ ይሻላል፣ ቢያንስ ማታ ቤቱ ይገባል። እኔን የሚያስፈራኝ "ሞዲፋይ ሜሞሪ" ነው። ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ከሆነው እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ ከሰው ትዝታ ይፍቃል ወይም ይለውጣል፣ ተጎጂው ደግሞ ምን እንደጎደለበት እንኳ አያውቅም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለኝም። አዝማሪ ገጸ ባህሪ የያዘው ተጫዋቻችን በታሪኩ ውስጥ ያለችውን የመጠጥ ቤቷን ልጅ በ"ቻርም ፐርሰን" ወደ አልጋ ልውሰዳት ሲል እኛ ለዚህ ነገር ድሮውንም ስም አለን፣ መስተፋቅር ይባላል፣ ሰፈር ውስጥ "እገሌ አደረገባት" ሲባል የሚስቅ አላየሁም አልኩት። ደንቡም አያግዘውም፤ የተደነዘዘው ሰው እንደ ወዳጅ ያያችኋል፣ አያጠቃችሁም፣ በቃ። ፍቅርም መታዘዝም አይልም።

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄያት ተመለሰች። ከወር በኋላ አንድ ቫምፓየር እንደገና ያዛት። እኔ ቃል አልተነፈስኩም፣ ትዕዛዙን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት፦ "ከዚህ ክፍል ማንም እንዳይወጣ።" አነበበችው፣ ትንሽ አሰበች። ሰይፏን አልመዘዘችም። በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ዋጠችው።