ከድሬዳዋ ወጥቶ አራዊትና አበባ ፎቶ ለሚያነሳ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው በካሜራው አይደለም፤ በሰዓቱና በችኮላው ነው።

አንደኛው አርፍዶ መነሳት ነው። ቁርሱን ተዝናንቶ በልቶ፣ ጫቱን ገዝቶ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የወጣ ሰው አዋሽ ፓርክ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ያን ጊዜ ሳላው፣ ያ ቀንደ ረጅሙ የሜዳ አውሬ፣ ጥላ ፍለጋ ገብቷል። የፓርኩ የኢላላ ሳላ ሜዳም በሙቀት ስለሚርገበገብ በዙም ከሩቅ ያነሳችሁት ሁሉ ይደበዝዛል፤ ውድ ሌንስም አያድነውም። አዋሽ ከተማ እደሩና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል አንሱ። ከዚያ ተኙ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ውጡ።

ከመኪና አትውረዱ። አውሬው መኪናውን ለምዶታል፤ በእግሩ የሚመጣን ሰው ግን ይሸሻል። ሞተሩን አጥፉ፣ ሽርጣችሁን አጣጥፋችሁ መስኮቱ ላይ አድርጉና ሌንሱን አሳርፉበት። ሳላ ከጎን ሲታይ ቀንዶቹ ተደራርበው አንድ ይመስላሉ፤ አንገቱን እስኪያዞር ጠብቁ።

ለዝንጀሮ ብስኩት የሚወረውር ሰው የሚያገኘው የለማኝ ፎቶ ነው። አስፋልት ዳር ተሰብስበው በመኪና የሚገጩትም በዚሁ ልማድ ነው።

አበባን ቆሞ ማንሳት ሌላው ነው። ከላይ የተነሳ አበባ መሬት ላይ የተለጠፈ ቀለም ይመስላል። ተንበርከኩ፣ እሾኹን አይታችሁ ታዲያ! በቆላው ድንጋይ መሀል የሚበቅለው፣ ግንዱ ያበጠው፣ ቀለሙ ሮዝ የሆነው አበባ ብዙ ጊዜ የሚፈካው በበጋ፣ ቅጠሉን አራግፎ ነው፤ ክረምትን የጠበቀ ያጣዋል። ለፎቶ ብላችሁ አትቀንጥሱት፣ ፈሳሹ መርዝ ነው። የመስከረምን ቢጫ አበባ የፈለገ ደግሞ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ደጋው ይሂድ።

ባቢሌን እንደ አዋሽ የሚቆጥሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለው የዝሆኖች መጠለያ ሰፊ ነው፤ ውሎ ዝሆን ሳያይ የሚመለስ ሞልቷል። ዝሆኖቹም ጥይት የሚያውቁ፣ ከሰው ጋር የተቃቃሩ ናቸው። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂ፣ አትግቡ። ፎቶውንም ከነቦታው ጠቋሚ አትለጥፉ፤ ዝሆንን ለጥርሱ ብሎ የሚገድል ሰውም ስልክ አለው።

ሐረር ላይ ጅብ ስታነሱ ፍላሹን አጥፉት። የጅብ ዓይን ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቀው ፎቶው ላይ የሚቀረው ሁለት የሚያበራ ነጥብ ነው። የባጃጁን መብራት ከጎን አስበሩ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ወደ 3200 ከፍ አድርጉ፤ ጅቡ ሥጋውን ለመንጠቅ አንገቱን ሲዘረጋ ተጫኑ። ጅቦቹን ከሚያበላው ሰው ጋር ደግሞ ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጅቦቹ ከከበቧችሁ በኋላ ክርክር አያምርም።