አንድ ቦታ፣ ሦስት ስም፦ የጊት መመሪያችንን እንዴት አስተካከልሁት

የቡድናችን የጊት (የፋይሎችን ለውጥ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) መመሪያ በአንዱ ገጽ «ኢንዴክስ»፣ በሌላው «ስቴጂንግ ኤሪያ»፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ካሽ» ይል ነበር። ሦስቱም የአንድ ነገር ስሞች ናቸው፤ የሚቀጥለው ኮሚት (ጊት መዝግቦ የሚያስቀምጠው የፋይሎቹ ሁኔታ) የሚዘጋጅበት ቦታ። አዲስ የገባ ባልደረባችን ካሽን እንደ ድረ ገጽ ማሰሻ ጊዜያዊ ማከማቻ ቆጥሮት «ባጸዳው ምን ይጎዳል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ጥፋቱ የመመሪያው መሆኑ የገባኝ።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ የሰነፍ ነበር፦ ፈልጎ በመተካት ሁሉንም «ኢንዴክስ» አደረግሁት። ወዲያው ሌላ ስሕተት ተወለደ። መተካቱ በጊት ትእዛዞች ላይ የሚጨመሩትን አማራጮች ስምም ነካ፤ «ካሽድ» እና «ኢንዴክስ» የተባሉት አማራጮች ግን አንድ አይደሉም። ተጽፎ የተሰጠን ለውጥ የሚያሳርፈው ጊት አፕላይ በ«ካሽድ» ሲታዘዝ ለውጡን ኢንዴክሱ ላይ ብቻ ያሳርፋል፤ በ«ኢንዴክስ» ሲታዘዝ ግን በሥራ ማውጫው (ፋይሎቹን በምናርምበት ፎልደር) ያሉትን ፋይሎችም ይለውጣል። ልዩነትን በሚያሳየው ጊት ዲፍ ላይ በአንጻሩ «ካሽድ» እና «ስቴጅድ» ፍጹም አንድ ናቸው። ይህን በእርጋታ ለማስረዳት ትዕግሥት ይጠይቃል!

ስለዚህ ለቦታው «ኢንዴክስ» የሚለውን ብቻ ያዝሁ፤ ሌሎቹን ስሞች መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ጠቅሼ አለፍሁ። የአማራጮቹን ስም ሳልነካ በተለየ የፊደል ቅርጽ ጻፍሁ፤ ከየአንዳንዳቸው ሥርም የሚነኩትን ነገር አስቀመጥሁ። ለምሳሌ ፋይል የሚያስወግደው ጊት አርኤም ከ«ካሽድ» ጋር፦ «ፋይሉ ከኢንዴክሱ ይወጣል፤ ዲስኩ ላይ ግን ይቆያል።» «የመሰናዶ ስፍራ» የሚል አማርኛም አስቤ ነበር፤ ትእዛዝ በምንጽፍበት ተርሚናል ላይ የማይገኝ አራተኛ ስም እንዳይሆን ተውሁት።