የዕለት ሳኬን ሞቆና ሳይሞቅ እንዴት ቀምሶ ማወዳደር ይቻላል?

ከሩዝ ስለሚጠመቀው የጃፓን መጠጥ፣ ስለ ሳኬ፣ «የሚሞቀው ርካሽነቱ እንዳይታወቅ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። 55 ዲግሪ ካለፈ የአልኮሉ ሽታ አፍንጫን ይሞላና ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል። 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ቀዝቅዞ ዝም ያለው ሳኬ ጉድለቱንም ደግ ነገሩንም ያወጣል። ስለዚህ አንድን ጠርሙስ በአንድ ሙቀት ብቻ ቀምሶ «ጥሩ ነው»፣ «አይረባም» ማለት ችኮላ ነው።

ምን ይገዛ?

ሳኬ አረቄ አይደለም፤ አይነጠርም፣ ይጠመቃል። ለጠላ ብቅሉ የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጡን፣ እዚያ የሚሠራው በሩዙ ላይ የሚበቅለው ኮጂ የተባለ ሻጋታ ነው። የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ አካባቢ ነው።

ለማወዳደር ሦስት ጠርሙስ ይበቃል። አንዱ ፉትሱሹ ይሁን፤ ጃፓኖች በየቀኑ የሚጠጡት፣ የተለየ ደረጃ የሌለው ሳኬ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አልኮል ይጨመርበታል። ሁለተኛው ሆንጆዞ፦ ሩዙ ተፈትጎ ቢበዛ 70 በመቶው የቀረ፣ ጥቂት አልኮል የተጨመረበት። ሦስተኛው ጁንማይ፣ ከሩዝ፣ ከኮጂና ከውሃ በቀር ምንም ያልገባበት። ጊንጆና ዳይጊንጆ የተባሉትን ለሌላ ቀን አቆዩአቸው። ዋጋቸው የሚከፈለው ለፍራፍሬ መሰል መዓዛቸው ነው፤ እሱ ደግሞ ሲሞቅ ቶሎ ይተናል።

በቀላሉ ከሚገኙት መካከል ከ1637 ጀምሮ ኪዮቶ፣ ፉሺሚ ውስጥ ያለው ገኬይካን፣ እንዲሁም የኮቤዎቹ ሀኩትሱሩና ኪኩማሳሙኔ አሉ። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ የምታገኙት ገኬይካን ካሊፎርኒያ፣ ፎልሰም የተጠመቀው ሊሆን ይችላልና ዓይነቱን ከጠርሙሱ ጀርባ አንብቡ። በፀሐይ ወይም በደማቅ መብራት ሥር ቆሞ የከረመ ጠርሙስ አትግዙ፤ ብርሃን ሳኬን ያበላሸዋል።

ሙሉ ጠርሙስ ከበዛባችሁ «ዋን ካፕ ኦዜኪ» አለ፤ 180 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ የሚነሳ ብርጭቆ። ገበያ ላይ የዋለው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ነው። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያጠለቀው ከዚያ 11 ቀን በኋላ ነበር።

ዕቃ

ጃፓን ውስጥ ቀማሾች የሚጠቀሙት ታችኛው ውስጡ ላይ ሁለት ሰማያዊ ክብ የተሣለበት ነጭ የሸክላ ኩባያ ነው፤ የሳኬው ቀለምና ጥራት በክቦቹ ላይ ይለያል። እኛ ቤት ሲኒ አለ። ውስጡ ነጭ ከሆነ እጀታ አልባው የቡና ሲኒ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ አሽትቱት፤ ቡና ቡና የሚል ከሆነ በፈላ ውሃ ድገሙት። ሦስቱንም አንድ ዓይነት አድርጉ።

ማሞቂያው ቶኩሪ የሚባለው አንገተ ጠባብ የሸክላ ዕቃ ነው። ከሌለ ትንሽ የአይዝጌ ብረት ማንቆርቆሪያም ይሆናል። ብርሌ ግን አይሞከርም፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኩሽና ቴርሞሜትርም ያዙ፤ ያለ እሱ ንጽጽሩ ግምት ብቻ ይሆናል።

አሠራሩ

ሳይሞቅ ከሚቀመሰው ጀምሩ። «ሳይሞቅ» ሲባል ከማቀዝቀዣ የወጣ አይደለም፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከሆነ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ መተው ይበቃል። ቴል አቪቭ ወይም ሌላ ሞቃት ከተማ በበጋ ግን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፣ አለበለዚያ ሳታውቁት ሞቅ ያለውን ትቀምሳላችሁ።

ከእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቅዱ። ሦስት ሳኬ በአራት ዙር ሲቀመስ በዚህ መጠን እንኳ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ መትፊያ ኩባያና የመጠጥ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ማንኛው የየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ እንዳታውቁ ሌላ ሰው ይቅዳላችሁና ሲኒው ሥር ቁጥር ይጻፍ። ዋጋውን የሚያውቅ ምላስ ዳኛ አይሆንም።

አሽትቱ፣ ከዚያ ጎንጨት አድርጋችሁ ምላስ ላይ አዙሩት። አራት ነገር ጻፉ፦ ጣፋጭነት፣ ኮምጣጣነት፣ ጃፓኖች ኡማሚ የሚሉት እንደ እንጉዳይና መረቅ ያለ ጣዕም፣ እና ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው። «ደስ ይላል» ብሎ መጻፍ ነገ አይጠቅምም። «መጀመሪያ ጣፈጠ፣ ጉሮሮ ላይ መረረ» ይጠቅማል።

አሁን ማሞቁ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉና እሳቱን አጥፉ። ቶኩሪውን እስከ አንገቱ ብቻ ሙሉት፤ ሳኬ ሲሞቅ ይሰፋል፣ እስከ አፉ ከሞላ ይፈሳል። ውሃው እስከ ቶኩሪው ትከሻ እንዲደርስ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ዋን ካፑን ከሆነ የምታሞቁት ክዳኑን አንሡ፣ ውሃውንም ትንሽ አብርዱት። ሁለት ሦስት ደቂቃ በቂ ነው፣ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን እመኑ። ማይክሮዌቭ ላዩን አቃጥሎ ታቹን ለብ አድርጎ ይተወዋል፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ በየመሃሉ አማስሉት።

40 ዲግሪ ሲደርስ ኑሩካን ይባላል፤ ያን ጊዜ ቀድታችሁ ቅመሱ። የቀረውን ወደ ውሃው መልሱና 50 ዲግሪ፣ አትሱካን የሚባለው ላይ ድገሙት። በእጅ የሚለዩ ሰዎች የቶኩሪውን ሥር ይነካሉ፤ 40 ላይ ደስ የሚል ሙቀት ነው፣ 50 ላይ ጣት ይሸሻል።

ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ይህን ይመስላል። ሳይሞቅ አልኮሉ ቀድሞ የተሰማችሁ ፉትሱሹ 40 ላይ ይለሰልሳል፣ ጣፋጭነቱም ይጎላል። 20 ላይ የከበደና የኮመጠጠ ጁንማይ የላክቲክ አሲዱ ሹልነት ሲሞቅ ይደበዝዝለታል፤ ትልቁን ለውጥ የምታዩት እዚህ ላይ ነው። 50 ላይ ሁሉም ይደርቃሉ፣ ማለትም ጣፋጭነታቸው ይደበዝዛል፣ መጨረሻቸውም ቆረጥ ይላል። ከጨው ጋር ለተጠበሰ ዓሣ ተስማሚ ነው፣ ለብቻው ግን እኔ አልመርጠውም።

አራተኛውን ዙር ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ አትዝለሉት። ከሞቀው ከሦስቱም ጥቂት አስቀርታችሁ 20 ዲግሪ እስኪደርስ ይብረድ፤ ጃፓኖች ካንዛማሺ ይሉታል። ከመጀመሪያው ዙር ማስታወሻችሁ ጋር አስተያዩት። በርዶም ጣዕሙ የሚያያዝ ሳኬ ሙቀቱን በደንብ የሚሸከም ነው። መራራነት ብቻ ከቀረው ያን ሸፍኖት የነበረው ሙቀቱ ነው።

ቁጥሮቹን የምትገልጡት ከዚህ በኋላ ነው። የተከፈተውን ጠርሙስ ዘግታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቁሙት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ጨርሱት። አንዴ ሞቆ የበረደውን ደግማችሁ አታሙቁት፣ ለዓሣ ወጥ ይሁን።