የገጠር ቤት ሰርግ፦ ፎቶው ለምን ተበላሸ፣ ምን ይደረግ?

ጅማ ከተማ ውስጥ ያሉት አዳራሾች ብዙ አያስቸግሩም። አንዴ የሠራባቸው ሰው መብራታቸውንም ግድግዳቸውንም ያውቀዋል። ወደ ሰርቦ፣ ወደ ሰቃ ወይም በአጋሮ መስመር ወጣ ብሎ ቡና መሃል ያለ የቤተሰብ ቤት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንዱ በረንዳ ወደ ምሥራቅ ያያል፣ የሌላው በር ዋንዛ ሥር ነው። እኔ ሥራ ስቀበል አስቀድሜ የምጠይቀው "በሩ ወደየት ያያል? ድንኳኑስ የት ይተከላል?" ብዬ ነው። ከተቻለም በዋዜማው ሄጄ፣ ሙሽሮቹ በሚገቡበት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆሜ ብርሃኑን አያለሁ። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ሳላደርግ በቀረሁባቸው ቀናት የገጠሙኝ ናቸው።

ፊት ሁሉ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ወጣ

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ቡና በጥላ የሚያድግ ተክል ስለሆነ ከላዩ ሰሳ፣ ዋንዛ ወይም ብሳና አለ። ብርሃኑ በዚያ ሁሉ ቅጠል አልፎ ሲመጣ አረንጓዴ ይሆናል። ነጭ ቬሎና ነጭ የሐበሻ ልብስ ደግሞ ያገኙትን ቀለም ይቀበላሉ። ዓይናችን ስለሚለምደው እዚያው ቆመን አናየውም። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ግን ሙሽራዋ የታመመች ትመስላለች።

ካሜራው ነጩን ነጭ እንዲያሳይ የሚያደርግ ዋይት ባላንስ የሚባል ማስተካከያ አለ። ብዙዎች "ዋይት ባላንሱ አውቶ ላይ ነው፣ ራሱ ያስተካክላል" ይላሉ። አያስተካክልም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም። አንዱ ጉንጭ ላይ ከቅጠሉ የመጣ ብርሃን፣ ሌላው ላይ በቀዳዳ የገባ ፀሐይ ካለ ሁለት ቀለም አለ ማለት ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚያስተካክል ቁጥር የለም።

መፍትሄው ሙሽሮቹን ከቡናው መሃል አውጥቶ ጠርዙ ላይ ማቆም ነው። ጀርባቸው ወደ ቡናው፣ ፊታቸው ወደ ክፍት ሰማይ ይሁን። ቡናው ከኋላ በደንብ ይታያል፣ ፊታቸው ላይ ግን የሰማይ ብርሃን ብቻ ያርፋል። ሙሽሮቹ የግድ ቡናው ውስጥ መግባት ከፈለጉ፣ አንድ ሚዜ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ከጎናቸው ይቁም። ከዚያም እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አንስታችሁ ዋይት ባላንሱን በሱ አስተካክሉት። ሮው (ካሜራው ያልነካካው ሙሉ ፋይል) ላይ ማንሳትም አትርሱ፤ ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮ የጨመቀው ፋይል) ብቻ ከሆነ በኋላ ማረሙ ይከብዳል።

ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ድንኳንም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ትልቅ ስህተት አለ፤ ፍላሹን ወደ ላይ አዙሮ ጣሪያው ላይ መምታት። አዳራሽ ውስጥ ነጭ ኮርኒስ ስላለ ይሠራል። ሸራ ላይ የተመታ ፍላሽ ግን ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ዲኮር የሚሠሩትን ልጆች ቀደም ብላችሁ "ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሩልኝ" በሏቸው። ከጎን ያለውን ሸራ ደግሞ ሰማዩ በሚታይበት በኩል ይጠቅልሉት። ሁለቱም ወጪ የላቸውም።

ዓይን ጠቁሮ ጉድጓድ መሰለ

ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ፀሐይ በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ትክክል አናት ላይ ትሆናለች። ሙሽሮችም ብዙ ጊዜ የሚደርሱት በዚያው ሰዓት ገደማ ነው። ግንባር ያበራል፣ ዓይን ጥላ ውስጥ ይቀራል። በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ቀለል ይላል፤ ከቤቱ በስተሰሜን በኩልም የተወሰነ ጥላ ይገኛል።

የገጠር ቤት በረንዳ ለዚህ መድኃኒት ነው። ሙሽሮቹን ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ውስጥ አስገቧቸውና ወደ ውጭ እንዲያዩ አድርጉ። ፀሐይ ያረፈበት መሬት ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የእኛ አፈር ቀይ ነው። ከቀይ አፈር የተመለሰ ብርሃን አገጭ ሥር ቀይ ይጥላል። ከፊታቸው መሬቱ ላይ፣ ከፎቶው ክልል ውጭ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት።

ምሽት ላይ የሚያምረውን ብርሃን የምትጠብቁ ከሆነ አትዘናጉ። እዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ኮረብታ ካለ ደግሞ ቀድማ ትጠልቃለች። ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ሙሽሮቹን ከጭፈራው አስፈቅዳችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ቬሎው አመድማ፣ ፊቷ ጥቁር

ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ቬሎ ፎቶውን ሲሞላው "በጣም ብርሃን ነው" ብሎ ያጨልመዋል። ብርሃኑን በፊቷ ለኩ፣ ወይም ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከሲሶ እስከ አንድ ስቶፕ ከፍ አድርጉ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ጨለማ ሳሎን ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ያበዛዋል፣ ቬሎው ይቃጠላል። የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ከፍታችሁ ሥሩ።

ሌንሱ ጉም ለበሰ

ጠዋት መኪና ውስጥ የቀዘቀዘ ካሜራ ይዛችሁ፣ ወጥ የሚንተከተክበትና ቡና የሚፈላበት ቤት ስትገቡ የሚሆን ነው። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ይሆናል። ብትጠርጉት ተመልሶ ይመጣል፣ መቧጨሩም ያስፈራል። ካሜራውን ከነቦርሳው፣ ዚፑ ተዘግቶ፣ ቤቱ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት። ስለዚህ ሚዜዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ድረሱ።

ማታ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ወጣ

የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉ፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ከዚያ ሲፈጥን ግማሹ ፎቶ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ ይሆናል። ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክስ ሻተርም አጥፉት፣ እሱ ያባብሰዋል። ጄኔሬተር ላይ ከሆናችሁ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቁጥሩ በትክክል ላይገጥም ይችላል። ያኔ መፍትሄው ፍላሽ ነው።

የቡድን ፎቶ ላይ የኋላው ረድፍ ፎከስ የለውም

አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ግን ይጠባል) 1.8 ላይ ተረስቶ ነው። 5.6 ወይም 8 አድርጉ።

ቪዲዮው ላይ የሽማግሌዎቹ ምርቃት አይሰማም

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የካሜራው ማይክ የሚቀዳው ቆርቆሮውን ነው። ትንሽ መቅጃ ወይም ስልክ ከመራቂው አጠገብ አስቀምጡ፣ ድምፁን በኋላ ትገጥሙታላችሁ። ከፋሲካ በኋላ በሚደረግ ሰርግ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይጠፋም ብላችሁ ተዘጋጁ።

ሜሞሪው "ፎርማት አድርግ" አለ

አታድርጉ። አንድ ፎቶም አትጨምሩበት። አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ በሌላ ሜሞሪ ቀጥሉ። ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ፎቶዎቹን በመመለሻ ፕሮግራም የማግኘት ዕድል አለ። ካሜራችሁ ሁለት ሜሞሪ የሚይዝ ከሆነ ሁለቱም ላይ እየገለበጠ እንዲቀዳ አድርጉት።

አያት ፎቶው ውስጥ የሉም

ይህን ችግር ካሜራ አያስታውሳችሁም። ከዓመታት በፊት አንድ ቤት ከ1,000 በላይ ፎቶ አነሳሁ። ከወራት በኋላ የሙሽራዋ ወንድም ደወለልኝ። አያታቸው አርፈው ነበር። "ከሰርጉ ቀን ያላቸውን አንድ ፎቶ ፈልግልን" አለኝ። ሙሉ ሌሊት ፈለግሁ። የለም። እማማ መራመድ ስለማይችሉ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ነበሩ። እኔ ደግሞ ሙሽሮቹን ስከተል ዋልኩ፤ ጓዳውን አንድ ጊዜም አልረገጥኩም። ያንን ስልክ እስካሁን አልረሳውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙሽሮች ሲገቡ ግቢው ሁሉ ወደ እነሱ ይሮጣል፣ ፎቶ አንሺውም አብሮ ይሮጣል። የቤቱ ሽማግሌዎችና አቅመ ደካሞች ግን ከቦታቸው አይነሱም። ለብዙዎቹ ሰርጉ ገጠር ቤት የተደረገውም ከተማ መሄድ ስለማይችሉ ነው።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ሙሽሮቹ ከመድረሳቸው አንድ ሰዓት በፊት ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ አክስት፣ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከእሷ ጋር ክፍል ለክፍል እዞራለሁ። ሳይፈቀድልኝ አላነሳም። ኒካህ ያለበት ቤት ከሆነ ወደ ሴቶቹ ክፍል የምትገባው ሴት ረዳቴ ናት፤ የትኛው ፎቶ ቴሌግራም ላይ መውጣት እንደሌለበትም አስቀድማ ትጠይቃለች። ፍላሽ አልጠቀምም። ወንበራቸውን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ እናስጠጋለን፣ ነጠላቸውን አክስት ታስተካክልላቸዋለች። ሙሽሮቹ እንደገቡ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጣቸው በፊት፣ መጀመሪያ ወደዚያ ወንበር እወስዳቸዋለሁ።