በማርስ ፎቶዎች ላይ ቅርቡን ድንጋይ ከሩቁ ለመለየት

የፐርሰቪራንስን (በማርስ ላይ የሚዘዋወረውን የናሳ ተሽከርካሪ) ፎቶዎች ከካርታ ጋር ለምታስተያዩ ሁሉ፦ ተሽከርካሪው ባረፈበት በጄዜሮ ጉድጓድ ዛፍም ሆነ ቤት ስለሌለ፣ አንድ ድንጋይ ቅርብና ትንሽ ይሁን ሩቅና ትልቅ በአንድ ፎቶ ብቻ መለየት ያስቸግራል። የአሰሳ ካሜራዎቹን የግራና የቀኝ ፎቶ (የፋይሉ ስም ሁለተኛ ፊደል ኤል ከሆነ የግራ፣ አር ከሆነ የቀኝ ነው) አውርዳችሁ በስልካችሁ እያፈራረቃችሁ ስታዩ፣ ይበልጥ ቦታውን የሚለውጠው ድንጋይ ቅርቡ ነው። ምክንያቱም ካሜራዎቹ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀዋል፤ ደሴ ላይ ሆናችሁ አውራ ጣታችሁን በጦሳ ተራራ ትይዩ ዘርግታችሁ ዓይኖቻችሁን በየተራ ብትጨፍኑ፣ ጣታችሁ ወዲያ ወዲህ ሲል ጦሳ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ቅጽበት የተነሡ ካልሆኑ ግን ተሽከርካሪው በመካከሉ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል ዘዴው ያሳስታል፤ በጣም የራቁ ኮረብታዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸርም አይረዳም።